ልጅ "እንዲህ አደረገኝ" ብሎ ሲናገር ቤተሰብ ምን ያድርግ

ይሄን የምጽፈው ልጃቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባት ዛሬ ወይ ትናንት ማታ ለነገረቻቸው እናቶችና አባቶች፣ አክስትና አጎቶች፣ አያቶች ነው። ገና አሁን ሰምታችሁ እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን ብቻ ያዙ፦ ጥቃቱ ከደረሰ 72 ሰዓት ካልሞላው ሌላውን ሁሉ ትታችሁ፣ ልጁን ሳታጥቡ፣ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ቀሪውን ታክሲ ውስጥ ወይ ወረፋ ስትጠብቁ ታነቡታላችሁ።

ልጁ ሲናገር

ልጆች እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነግሩንም። ትንሽ ትንሽ ነው ጣል የሚያደርጉት። "እዛ ቤት መሄድ አልፈልግም"፣ "ጋሼ ሲያስጠናኝ ይደብረኛል"፣ "አንድ ነገር ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ?" ይላሉ፣ ከዛ ፊታችንን ያያሉ። ፊታችን ላይ ንዴት ወይ ድንጋጤ ካዩ እዛው ያቆሙታል፣ ቀሪውን አመት ሁለት አመት ይዘውት ይቆያሉ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይናገረውም። ስለዚ ውስጣችሁ ቢቃጠልም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ከልጁ እኩል ተቀመጡ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰበብ ፈልጋችሁ አስወጡ።

የሚባለው ነገር አጭር ነው። "አምንሻለሁ። ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ከዚህ በኋላ እኔ አለሁልሽ።" በቃ ይሄው ነው፣ በራሳችሁ አነጋገር፣ ቤት ውስጥ በምታወሩበት ቋንቋ። ጥቃት የደረሰበት ልጅ በኋላ እንዴት እንደሚሆን ከሚወስኑት ትልልቅ ነገሮች አንዱ መጀመሪያ የነገረው ሰው አምኖ ከጎኑ መቆሙ ነው፣ ይሄ በየሀገሩ የታየ ነገር ነው፣ እኔም በየቤቱ ያየሁት ይሄንኑ ነው።

የማይባሉት ደሞ እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም ከአፍ ሊያመልጡ የሚችሉ ስለሆኑ ከወዲሁ እወቋቸው። "ለምን አልጮህሽም?" አይባልም። ሰው በጣም ሲፈራ ሰውነቱ ደርቆ ይቀራል፣ ትልቅ ሰውም ይደርቃል፣ የሰባት አመት ልጅ እንዴት አትደርቅም? "ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?" አይባልም፣ ምክንያቱም ዝም ያለችው ብዙ ጊዜ አስፈራርቷት ነው፣ ወይ ከረሜላና ብር እየሰጠ ሚስጥራችን ነው ብሏት ነው፣ ወይ እናቷን ማሳዘን ስላልፈለገች ነው። "እሱማ እንዲ አያደርግም፣ እርግጠኛ ነሽ?" አይባልም። ልጆችን የሚያጠቃው አብዛኛውን ጊዜ የማናውቀው ሰው አይደለም፣ ዘመድ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ተከራይ ነው፣ አስጠኚ ነው፣ እንጀራ አባት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ የምናከብረው ሰው ነው። ጥሩ ሰው መምሰሉ እኮ ነው ልጁ ጋ ያደረሰው።

አባቶች ሆይ፣ "እገድለዋለሁ" የምትሉትን ደሞ በጣም እለምናችኋለሁ፣ ልጁ ፊት አትበሉት። ንዴቱ ይገባኛል። ግን አጥቂው ልጁን ያስፈራራው ብዙ ጊዜ "ከተናገርሽ አባትሽ እስር ቤት ይገባል፣ እናትሽ ትሞታለች" ብሎ ነው። እናንተ ዱላ ፍለጋ ስትነሱ ልጅቷ ያ ያለው ነገር እየደረሰ ነው ብላ ታምናለች፣ ከዛ "አይ ውሸቴን ነው፣ ምንም አላደረገኝም" ብላ ትመልሰዋለች። ደሞ በእውነትም ደብድባችሁት ከታሰራችሁ ልጅቷ አባቷን በጣም በምትፈልግበት ሰአት አጣች ማለት ነው።

"ለማንም አልናገርም" ብላችሁም ቃል አትግቡ፣ ምክንያቱም ሐኪምና ፖሊስ መስማታቸው አይቀርም፣ ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ ተከዳች። "ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች ብቻ ነው የምነግረው፣ ከመንገሬ በፊት ላንቺ እነግርሻለሁ" በሉ፣ ከዛም እንዳላችሁት አድርጉ።

ጥያቄ ላይ ተጠንቀቁ። ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነና አሁን የሚያማት ነገር እንዳለ ነው። "ምን ሆነ?" "ከዛስ?" በቂ ነው። "እዚህ ጋ ነካሽ አይደል?" እያላችሁ መልሱን እናንተ አትስጧት፣ በኋላ ፍርድ ቤት ላይ የተከሳሹ ጠበቃ "ቤተሰብ አስጠንቷት ነው" የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። አክስት ስትመጣ ለአክስት፣ አያት ስትመጣ ለአያት ድጋሚ ተናገሪ ማለትም ልጅን መልሶ መጉዳት ነው። አንድ ጊዜ ከሰማችሁ በኋላ ልጅቷ የተጠቀመችበትን ቃል እንዳለ፣ ሳታስተካክሉ፣ ቀንና ሰአት ጽፋችሁ ደብተር ላይ አስቀምጡ። ልጆች ለሰውነት ክፍል የራሳቸው ስም አላቸው፣ ያንኑ ጻፉት።

ሆስፒታል

ልብሷን አትጠቡ፣ ገላዋን አታጥቡ፣ ከተቻለ ሽንት ቤት ከመሄዷ በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው። የለበሰችውን ልብስ፣ ፓንት፣ አንሶላ ካለ ፌስታል ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ወይ ጋዜጣ ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃው ይበላሻል። ቅያሪ ልብስ ያዙላት። ታጥባ ከሆነ ወይ ቀናት ካለፉ ግን "በቃ አበቃ" ብላችሁ እንዳትቀሩ፣ ሕክምናው አሁንም ያስፈልጋታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብዙ ቤተሰብ ከደነገጠ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠበል ነው። እምነታችሁን አልነካም፣ ጸሎት ልብ ያሳርፋል፣ ሄዳችሁ ተጠመቁ፣ ግን ከሆስፒታል በኋላ። ጠበሉ ከቀደመ ማስረጃው ከውሃው ጋ ይሄዳል፣ ሰአቱም ይሄዳል።

ሰአቱ ለምን እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት፣ ፔፕ የሚሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ደሞ የተሻለ ይሠራል፣ ከዛ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ልጆችን ያቅለሸልሻቸዋል፣ ብዙ እናት "ታመመችብኝ" ብላ በሳምንቱ ታቆመዋለች፣ ሌላው ደሞ ጎረቤት መድኃኒቱን አይቶ ልጅቷ ኤችአይቪ አለባት እንዳይል ፈርቶ ያቆመዋል። እባካችሁ አታቋርጡ፣ ካስመለሳት ለሐኪሙ ንገሩት፣ መላ አለው። የወር አበባ ያየች ወይ ልታይ የደረሰች ልጅ ከሆነች እርግዝና መከላከያ ይሰጣታል፣ ፖስት ፒል የምንለው ዓይነት፣ እስከ 5 ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል ግን እሱም በፈጠነ ቁጥር ነው የሚሻለው። የአባላዘር በሽታ መድኃኒት፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት፣ ቁስል ካለ የቴታነስ ክትባት ጠይቁ። የኤችአይቪ ምርመራውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ በኋላም ይደገማል፣ ቀጠሮውን ስልካችሁ ላይ አላርም አድርጉት።

አዲስ አበባ ላይ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ማዕከል አለ፣ ሐኪሙም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም እዛው አንድ ቦታ ነው ያሉት፣ ልጅን ከቢሮ ቢሮ ማንከራተት እንዳይኖር። እንደ አዳማ ባሉ ሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። እዚህ መድረስ ካልቻላችሁ ቅርብ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ ካሏችሁ ደብዳቤው ለማስረጃው ወረቀት ይደርሳል፣ መድኃኒቱ ግን ሰአት አለው፣ አሁን ይጀመርልን ብላችሁ በትህትና ግን ሳትነቃነቁ ቁሙ።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ለልጅቷ ምን እንደሚደረግ ተነግሯት፣ የምትፈልገው ሰው አብሯት ይግባ። "አልፈልግም፣ ቁም" ካለች ይቁም። ሰውነቷ ያለ ፈቃዷ የተነካች ልጅ ናት፣ እዚህም በግድ ከተያዘች ለሷ ምንም ልዩነት የለውም።

አሁን ስለ ድንግልና። ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ደህና ናት?" ሳይሆን "ድንግል ናት?" የሚል ነው። ይሄን ጥያቄ ተዉት። አንደኛ በምርመራ የሚታወቅ ነገር አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ብሏል። ሁለተኛ፣ ጥቃት የደረሰባቸው አብዛኞቹ ልጆች ሲመረመሩ ሰውነታቸው ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም፣ ቶሎ ይድናል፣ ወይ ጥቃቱ ምልክት የማይተው ዓይነት ነው። ወረቀቱ ላይ "ጉዳት አልታየም" ተብሎ ሲጻፍ "ስለዚ ዋሽታለች" ማለት አይደለም። በዚህ አንድ መስመር የተነሳ ልጃቸውን ማመን ያቆሙ ቤተሰቦች አሉ፣ በጣም ያሳዝናል። ሦስተኛ፣ ልጅቷ በር ላይ ሆና ትሰማችኋለች፣ ዋጋዋ ምን ላይ እንደሆነ ከናንተ እየተማረች ነው።

እርግዝና ከተፈጠረ ደሞ ይሄን እወቁ፦ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት ከመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ እርግዝናን በሕክምና ተቋም ማቋረጥ ይፈቀዳል፣ ለዚህም የተጎጂዋ ቃል ብቻ በቂ ነው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ይሄን ባለማወቅ ሰፈር ውስጥ ባለ ሰው እጅ የሞቱ ልጆች አሉ።

ፖሊስና ሽምግልና

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል ወይ መርማሪ ጠይቁ፣ ኮሪደር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ልጅቷን አታናግሩ በሉ። አስቸኳይ ከሆነ 991 ደውሉ። ቃሏን የሚቀበለው ሰው ሴት እንዲሆን መጠየቅ ትችላላችሁ። የመርማሪውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ጻፉ፣ ከዛ እየደወላችሁ ተከታተሉ፣ ዝም ካላችሁ መዝገቡም ዝም ሊል ይችላል። ጥቃቱ ከወራት ወይ ከአመት በፊት ቢሆንም አመልክቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ግን ከሁሉም ይከብዳል፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ወሬው እንደተሰማ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሽማግሌ ቤታችሁ ይመጣል። የምታከብሯቸው ሰዎች ናቸው፣ ምናልባት የእድሩ ሊቀመንበር፣ የንስሐ አባት፣ ታላቅ አጎት። "ገመና ነው፣ አይውጣ፣ የልጅቷ ስም ይጠፋል፣ ማን ያገባታል፣ እሱም ጥፋቱን አምኗል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ይማላል፣ አገር ለቆ ይሄዳል" ይላሉ። ሽምግልና ትልቅ ነገር ነው፣ ባልና ሚስት አስታርቋል፣ ደም አድርቋል፣ አልክድም። ግን ሽምግልና የሚሠራው እኩል ለሆኑ ሁለት ሰዎች ነው፣ እዚህ ጋ ግን አንደኛው ወገን ልጅ ነው፣ ቁጭ ብሎ የሚደራደረው ደሞ ልጁ ሳይሆን አዋቂው ነው፣ ካሳው የሚገባውም አዋቂው ኪስ ነው። ታረቅን ተብሎ በፋሲካው ያ ሰውዬ ተመልሶ ቤት ይመጣል፣ ልጅቷ "ሰላም በይው እንጂ" ትባላለች። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ። ሌላም አለ፣ በሽምግልና ያለፈ ሰው ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ልጅ ያገኛል።

ሽማግሌ ሲመጣ መጨቃጨቅ አያስፈልግም። "ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፣ ጉዳዩ በሕግ ተይዟል፣ ከኛ እጅ ወጥቷል" በሉ፣ ይሄ ደሞ እውነት ነው። ልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ተበዳይ አቤቱታውን ሲያነሳ የሚዘጋ ዓይነት ጉዳይ አይደለም፣ ክሱ የመንግሥት ነው፣ ቤተሰብ "ይቅር ብያለሁ" ስላለ ዐቃቤ ሕግ ማቆም የለበትም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከ13 አመት በታች የሆነች ሕፃን ላይ የግብረ ሥጋ ድርጊት መፈጸም ከ13 እስከ 25 አመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ከ13 እስከ 18 አመት ባሉት ላይ ደሞ አንቀጽ 626 አለ፣ ከ3 እስከ 15 አመት። "እሺ ያገባታል" የሚል ሐሳብ ከመጣም መልሱ ያው ነው፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የደፈረ ሰው ተጎጂዋን ካገባ ከክስ ያድነው ነበር፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ ግን ይሄን አስወጥቶታል። ከ18 አመት በታች ጋብቻም አይፈቀድም። ይሄን እያወቃችሁ ስትናገሩ ሽማግሌውም ቀስ ይላል።

"ይቅር በይው" የሚለውም እንደዛው። ይቅርታ ልጅቷ አድጋ፣ ከፈለገች፣ በራሷ ጊዜ የምታስብበት ነገር ነው፣ አንድም የሃይማኖት አባት ቢሆን የአስር አመት ልጅን ይቅር በይ ብሎ ማስጨነቅ የለበትም። ጥሩ የሃይማኖት አባት፣ ቄስም ሸኽም ፓስተርም ይሁን፣ ለልጅቷ "እግዚአብሔር ባንቺ አልተቆጣም" ብሎ የሚነግር ነው፣ እንደዛ ያለ ሰው ካላችሁ አምጡት፣ ብዙ ልጆች እግዜር የቀጣቸው ይመስላቸዋል።

ሰውዬው እቤት ውስጥ ሲሆን

ከቤት የሚወጣው አጥቂው ነው፣ ልጁ አይደለም። እኛ ሀገር ግን የሚደረገው ተቃራኒው ነው፣ ልጅቷን "አየር ትለውጥ" ብለን አያቷ ጋ ገጠር እንልካታለን፣ ትምህርቷ ይቋረጣል፣ ጓደኞቿን ታጣለች፣ እሱ ቤቱ ውስጥ ራቱን ይበላል። ልጅቷ ይሄን የምትረዳው ስለተናገርኩ ተባረርኩ ብላ ነው። የሚያስወጣው ሰው ከጠፋ ብቻ፣ እናትየዋ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመድ ትሂድ፣ አብራ ግን፣ ልጅቷን ብቻዋን አትላኩ።

የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው እሱ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል፣ ይገባኛል፣ የቤት ኪራይ አለ፣ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እዚህ ጋ ነው ዘመድ የሚፈተነው። "አይዞሽ" ብቻ ሳይሆን ሦስት ወንድምና እህት ተጠራርታችሁ የስድስት ወር ኪራይ ከፈላችሁ ማለት ያቺ እናት ሰውዬውን መልሳ አታስገባውም ማለት ነው። ብዙ እናት ተመልሳ ያስገባችው አምናው አይደለም፣ ዳቦ አጥታ ነው። እናትየዋን ደሞ "የት ነበርሽ? እንዴት አላወቅሽም?" ማለት ይቁም። እሷ ራሷን በቂ እየቀጣች ነው፣ ልጁን የሚያቆመው ደሞ የሷ ጉልበት ነው።

አጥቂው ራሱ ልጅ ከሆነ፣ ታላቅ ወንድም፣ የአጎት ልጅ፣ ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መደበቅም መቀጥቀጥም መፍትሔ አይሆንም። ወዲያው መኝታቸውን ለዩ፣ ለብቻቸው አታስቀሩዋቸው፣ ሁለቱም ባለሙያ ይያቸው፣ ያ ልጅም ሌላ ሰው ምናልባት አድርጎበት ሊሆን ይችላል። በሕጋችን ከ9 አመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያሉት ደሞ ከአዋቂ የተለየ አያያዝ አላቸው። ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች ካሉም ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ የያዘው ሊኖር ይችላል።

የቤት ሠራተኛዋንም አትርሷት። ከገጠር የመጣች የ13፣ የ14 አመት ልጅ እናንተ ቤት ምግብ እየሠራች ነው፣ የቤቱ ጎረምሳ ወይ አባወራው አጠቃት፣ ለማን ትናገር? ቤተሰቧ ስንት ቀን መንገድ ነው፣ ስልክ የላትም። እሷም ልጅ ናት፣ እዚህ ከተማ ያላት ቤተሰብ እናንተ ናችሁ። የትራንስፖርት ሰጥቶ በሌሊት አውቶቡስ ማሳፈር ወንጀሉን መደበቅ ነው። አንቀጽ 626 ጥቃቱ የደረሰባት ልጅ የቤት ሠራተኛ ወይ ተማሪ ወይ በአደራ የተያዘች ስትሆን ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ሕጉም እንደዛ አይቷታል። ልጃችሁም ቢሆን ያጠቃው፣ ወደ ሐኪም ይዛችኋት ሂዱ።

ወንድ ልጅ ሲሆን

ወንድ ልጅም ይጠቃል። ቤተሰብ ግን ከሴቷ በላይ ይደብቀዋል፣ "ወንድ ነው ይረሳዋል" ይባላል፣ አባትየው ደሞ ልጄ በቃ እንዲ ሆነ ብሎ ልጁን ማየት ያቅተዋል። ልጁ ያንን የአባቱን ዓይን ያያል። ጥቃት ደረሰበት እንጂ እሱ የመረጠው ነገር የለም፣ ጥቃት የወንድ ልጅን ማንነት አይለውጥም፣ ሰውነቱ ያሳየው ምላሽ ካለም ፍላጎት ማለት አይደለም፣ ይሄን በቀጥታ ንገሩት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ የሚያፍሩበት በዚህ ነው። ሕክምናው ያው ነው፣ ፔፑም ያው ነው፣ ሕጉም አለ፣ አንቀጽ 631። አባት ኳስ ሜዳ ይዞት መሄዱን፣ ትከሻውን አቅፎት መሄዱን ማቆም የለበትም።

ቲክቶክና ፌስቡክ

ፍትሕ ሲዘገይ ሰው ወደ ስልኩ ይዞራል። ይገባኛል፣ ግን የልጅን ፊት፣ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ድምፅ፣ እናቱን ጭምር በላይቭ አታውጡ። ዛሬ ሚሊዮን ሰው "አይዞን" ይላል፣ ከአስር አመት በኋላ ያቺ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ያ ቪዲዮ አሁንም እዛው ነው፣ የክፍሏ ልጅ ሼር ያደርገዋል። ፊቷን በስቲከር ሸፍነው እናቷን ያሳዩ ሰዎች አሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ማን እንደሆነች አወቀ። መዝገቡ ከተኛ ግፊት የሚደረግበት ሌላ መንገድ አለ፣ ፍትሕ ቢሮ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ጋዜጠኛ ማናገር ከፈለጋችሁም ልጅቷ በማንኛውም መንገድ ሳትታወቅ ይሁን። በእርዳታ ማሰባሰቢያ ላይም እንደዛው፣ ያለ ፎቶ መጠየቅ ይቻላል።

ከዛ በኋላ ያሉት ወራት

ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሳምንት በደንብ ይወጣዋል፣ የሚደክመው ሦስተኛው ወር ላይ ነው፣ ቀጠሮ ሲራዘም፣ ሰው መጠየቅ ሲያቆም። ልጅቷም ያኔ ነው ብዙ ጊዜ የምትለወጠው። አልጋ ላይ መሽናት ትጀምራለች፣ ሌሊት ትባንናለች፣ ትናደዳለች፣ ታናሿን ትመታለች፣ ውጤቷ ይወርዳል፣ ወይ በጣም ጨዋ ትሆንና ጭራሽ አትናገርም። አትቅጧት። ሰአቱን የጠበቀ ራት፣ ሰአቱን የጠበቀ እንቅልፍ፣ ትምህርት ቤት፣ ጨዋታ፣ ድሮ የምትወደው ነገር ሁሉ እንዳለ ይቀጥል፣ ሕይወቷ እንዳልተበላሸ የሚነግራት ይሄ ነው። "ምስኪን" እያላችሁ እያለቀሳችሁ አትዩአት፣ እናንተ ማልቀስ ሲያምራችሁ ጓደኛችሁ ጋ ሄዳችሁ አልቅሱ። እቅፍ አድርጉኝ ስትል እቀፏት፣ ካልፈለገች ዘመድም ቢሆን ሳሚው አትበሉ። ትምህርት ቤት ላይ ለአንድ የምታምኑት ሰው ብቻ ንገሩ፣ ለመምህራን ሁሉ አይነገርም።

ራሷን ስለመጉዳት ወይ ስለመሞት ካወራች፣ ወይ ምግብና እንቅልፍ ጠፍቶ ከሳምንታት በላይ ከቆየ በዛው ቀን ባለሙያ ጋ ውሰዷት፣ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥም የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። ይሄ እብደት አይደለም፣ ቁስል ነው። እናንተም ካውንስሊንግ ያስፈልጋችሁ ይሆናል፣ በተለይ በልጅነታችሁ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባችሁ ለማንም ያልተናገራችሁ እናቶች፣ የልጃችሁ ጉዳይ የናንተንም ይቀሰቅሰዋል፣ ይሄ የተለመደ ነው።

አንድ ቀን "ውሸቴን ነበር" ልትል ትችላለች። ወዲያው አትደሰቱ፣ አትቆጡም ደሞ። ከትናንት ወዲያ ማን አናገራት? እናቷ ስታለቅስ አይታለች? ታናሽ ወንድሟ አባቴን ፈልጉልኝ ብሏል? ልጆች ቤቱ ሲፈርስ ሲያዩ መልሰው ለመጠገን ይሞክራሉ፣ የሚጠግኑበት ደሞ ቃላቸውን በመመለስ ነው። ለባለሙያው ንገሩት፣ እናንተ "ገብቶኛል፣ አሁንም እወድሻለሁ" ብላችሁ እለፉት።

ፍርድ ቤት ስትቀርብ ምን እንደምትል አታስጠኗት፣ "እውነቱን ተናገሪ፣ ካላስታወስሽ አላስታውስም በይ" በቂ ነው። ለሕፃናት ተስማሚ የሆነ ችሎት አለ፣ አዲስ አበባ ልደታ ላይ ልጁ ለብቻው ክፍል ውስጥ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋ ተቀምጦ ዳኛው በካሜራ ነው የሚያየው፣ ተከሳሹን ፊት ለፊት አያየውም። ይሄ እንዲደረግላችሁ ለዐቃቤ ሕጉ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውሳኔው እንደጠበቃችሁት ባይሆንም ይሄ "አላመኑሽም" ማለት እንዳልሆነ ለልጅቷ ንገሯት፣ እኛ እናምንሻለን በሏት።

ውጭ ሀገር ላላችሁ

አሜሪካ ላላችሁ ቤተሰቦች፣ እዛም የሚደረገው ስህተት ተመሳሳይ ነው፣ ጉዳዩ መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋ ይሄዳል። መምህርና ሐኪም ግን ልጅ ተጠቃ ብለው ከጠረጠሩ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው፣ ስለዚ ዘግይቶ ከሌላ አፍ ከሚሰማ ራሳችሁ 911 ወይ የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ደውሉ፣ ልጁን ለመጠበቅ መንቀሳቀሳችሁ ለናንተም ይጠቅማል። ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ልጁን ራሱን ወይ ዘመድ አስተርጓሚ እንዳታደርጉ፣ በተለይ የአጥቂውን ዘመድ። ወረቀት ስለሌለን ዝም እንበል የሚሉ አሉ፣ ለወንጀል ተጎጂዎችና መርማሪዎችን ለተባበሩ ቤተሰቦች ዩ ቪዛ የሚባል አለ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ አንድ የወረቀት ነገር። የሐኪሙን ማስረጃ፣ የክትባት ካርዱን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የፍርዱን ግልባጭ፣ መጀመሪያ ቀን የጻፋችሁትን ደብተር ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ፖስታ ውስጥ ቆልፉበት፣ ሌላው ልጅ በማያገኘው ቦታ። ልጅቷ 18 ሲሞላት ማየት ልትፈልግ ትችላለች፣ ያኔ ትጠይቃችኋለች፣ ከፈለገች አብራችሁ ተቀመጡና ክፈቱት፣ ካልፈለገች እዛው ይቆይ።